በውርጭ የተዘራ ሣር

፩ የሣር ክብር

ልጆች ሆይ፥ በእግራችን ከምንረግጠው ነገር ሁሉ እንደ ሣር የተናቀ የለም። መንገደኛ ይረግጠዋል፥ ከብት ይግጠዋል፥ ፀሐይ ያደርቀዋል፥ እሳትም ይበላዋል። ነገር ግን አስተውለን ብንመለከት ያለ ሣር መኖር የሚችል ሰው በምድር ላይ አይገኝም። ላም ሣር ካልበላች ወተት አትሰጥም፤ በሬም ካልጠገበ አያርስም። የገጠር ቤት በሣር ይከደናል፤ እናቶቻችን መሶቡንና ሰፌዱን በስንደዶና በአክርማ ይሰፋሉ፤ በበዓል ቀንም በወለሉ ላይ ለምለም ሣር ይጐዘጐዛል። ከዚህም በላይ ጤፍና ስንዴ፥ ገብስና ማሽላ፥ ዳጉሳና በቆሎ ሁሉ የሣር ወገን ናቸው፤ ሸንኰራ አገዳና ቀርከሃ እንኳ ከዚሁ ወገን ይቈጠራሉ። ሊቃውንት ለይተው ያወቁት የሣር ዓይነት ከ10,000 ይበልጣል።

ሣር ምድርንም ይጠብቃል። ሥሮቹ እንደ ክር ቀጫጭንና ብዙ ስለ ሆኑ አፈሩን እንደ መረብ አድርገው ይይዙታል። ሣር በለበሰ መስክ ላይ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ምድር ይሰርጋል፤ በተራቈተ መሬት ላይ ሲወርድ ግን አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። እንግዲህ ሣር የምድር ልብስ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ደግሞ ፈጣሪ ለሣር ድንቅ ጠባይ ሰጥቶታል። የብዙ ተክል ማደጊያ በጫፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፍየል ጫፉን ብትቀጥፈው ዕድገቱ ይሰናከላል። የሣር ማደጊያ ግን በታች፥ በሥሩ አጠገብ ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህ ቢታጨድም ቢጋጥም ከታች ተመልሶ ያድጋል። ሆኖም የሣር ትዕግሥት እንኳ ልክ አለው፤ ከልክ በላይ የተበደለ ሣር ይሳሳል፥ ኋላም ፈጽሞ ይጠፋል።

በዚህ ትምህርት የምንናገረው እንዲህ ያለው የሳሳ ሣር እንዴት እንደሚታደስ ነው፤ ይልቁንም በቀዝቃዛ አገር የሚኖሩ ሰዎች በውርጭ ወራት ዘር ስለሚዘሩበት ጥበብ ነው። ነገሩ ስለ ሣር ይሁን እንጂ ለሰውም ምክር አለበት።

፪ ሣር ስለ ምን ይሳሳል

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ፊት ሣር አብቅለው፥ አሳጥረው እያጨዱ ያኖሩታል። በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለውን ሣር ያኖሩ የነበሩት ባለጸጎች ናቸው፤ ረጅም ማጭድ የያዙ ብዙ ሠራተኞች ወይም የበግ መንጋ ያስፈልግ ነበርና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. ግን ኤድዊን ባዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ የሣር ማጨጃ መኪና ፈለሰፈ፤ ከዚያም ወዲህ እየቈየ ተራው ሰው በደጁ ሣር ለማኖር ቻለ። ልጆች በላዩ ይጫወታሉ፤ ሽማግሌዎችም በአጠገቡ ተቀምጠው ያርፋሉ።

ነገር ግን ሣሩ ከጊዜ በኋላ በዚህም በዚያም ይመላለጣል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። እግር የበዛበት መሬት እየተረገጠ ስለሚጠነክር ውሃና አየር ወደ ሥሩ ሊገቡ አይችሉም። ከዛፍ ጥላ በታች ያለው ሣር ፀሐይ ያንሰዋል። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ የጥንዚዛ እጮች ሥሩን ይበሉታል። የውሻ ሽንት ያቃጥለዋል። ባለቤቱም መኪናውን ዝቅ አድርጎ ሣሩን እስከ ሥሩ ቢያጭደው፥ ቅጠል ያጣው ሣር ምግቡን ማዘጋጀት ተስኖት ይደክማል።

ስለዚህ ብልህ ሰው ዘር ከመግዛቱ አስቀድሞ ምክንያቱን ይመረምራል። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት ቢሰጥ በሽተኛው አይድንም። እንዲሁም በጥላ ምክንያት የጠፋው ሣር ጥላው ሳይቀንስ ቢዘራ ዳግመኛ ይጠፋል፤ በእግር ብዛት የጠፋውም መንገዱ ካልተዘጋ አይጸናም። ምክንያቱን ያላራቀ ሰው ዘሩን በከንቱ ያባክናል።

፫ የሁለት አገር ክረምት

እኛ ክረምት ብለን የምንጠራው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወራት ነው። በእኛ ክረምት ምድር ትለመልማለች፥ ገበሬም ያርሳል። በሰሜን አሜሪካ ግን ክረምት የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው የብርድ ወራት ነው። ያን ጊዜ ቀኑ ያጥራል፥ የፀሐይም ኃይል ይደክማል፤ ብዙዎች ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ዕራቁታቸውን ይቆማሉ፤ በረዶም እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ከሰማይ ይወርዳል። በደብረ ብርሃን አካባቢ ወይም በሰሜን ተራሮች ያደገ ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሣር ላይ የሚነጣውን ውርጭ ያውቃል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይጠፋል። የዚያ አገር ውርጭ ግን ወደ መሬት ውስጥ ዘልቆ ይገባል፥ አፈሩንም እንደ ድንጋይ ያጠነክረዋል።

በዚያ አገር ሣር ለመዝራት ከሁሉ የሚሻለው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። አፈሩ ገና ሞቃት ነው፥ አረሙም ደክሟል፤ ቡቃያውም ብርዱ ሳይመጣ ሥር ይሰድዳል። ነገር ግን ይህ ጊዜ ያመለጠው ሰው ተስፋ አይቈርጥም። ሁለተኛ ዕድል አለው፤ ይኸውም የክረምቱ መጨረሻ፥ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ይህንንም ትቶ የበጋውን ሙቀት የሚጠብቅ እንደ ሆነ፥ ገና ሥር ያልሰደደው ቡቃያ በአንድ በኩል በሐሩር፥ በሌላው በኩል በአረም ይሸነፋል።

፬ ውርጭ እንዴት ያርሳል

በውርጭ መዝራት ለሰሚው ሞኝነት ይመስላል። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሳለ ዘሩ በየት በኩል ይገባል? መልሱ ይህ ነው።

ውሃ ከሌላው ፈሳሽ ብዙውን የሚለይበት ጠባይ አለው። ብዙ ነገር ሲቀዘቅዝ ይጠብባል፤ ውሃ ግን በረዶ በሆነ ጊዜ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ውሃ የተሞላ፥ አፉ የተከደነ ጠርሙስ በብርድ ሌሊት ውጭ ቢያድር ይሰነጠቃል። በአፈር ውስጥ ያለው ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ሌሊት በረዶ ሲሆን ይሰፋና አፈሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ቀን ፀሐይ ሲሞቀው ይቀልጥና አፈሩ ይወርዳል። ይህ ነገር ቀንና ሌሊት በተፈራረቀ ቍጥር የመሬቱ ፊት እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ንቃቃት ይሞላል። በላዩ የወደቀው ዘር ወደ ንቃቃቱ ይገባል፤ አፈሩ ሲቀልጥ ይከድነዋል። ሰው ሳያርስ ውርጭ አረሰ፥ ሰው ሳይከድን ውርጭ ከደነ ማለት ነው።

በሸዋና በጐጃም መረሬ መሬት የሚያውቅ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መረሬ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የወደቀውን እህል ንቃቃቱ ይውጠዋል፤ ዝናብም ሲመጣ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ይገጥማል። በእኛ አገር ፀሐይና ዝናብ የሚሠሩትን ሥራ በዚያ አገር ውርጭና ፀሐይ ይሠሩታል።

ይህን ጥበብ የግቢ ሣር የሚያኖሩ ሰዎች ብቻ አይሠሩበትም። እንደ ኦሃዮና እንደ ፔንሲልቬንያ ባሉት የአሜሪካ ክፍሎች ገበሬዎች በክረምቱ መጨረሻ፥ ስንዴው ገና አጭር ሳለ፥ ክሎቨር የተባለውን ባለ ሦስት ቅጠል የከብት መኖ በስንዴው መካከል ይበትናሉ። ማረሻ አይነካውም፤ ውርጩ ወደ አፈር ያስገባዋል።

፭ ዘሩ እንዴት ይተኛል

ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ዘሩ በብርዱ ስለ ምን አይሞትም?

እናታችሁ በቈልት ስታዘጋጅ አይታችሁ እንደ ሆነ መልሱ ቅርብ ነው። ባቄላው በጎተራ ሳለ ዓመት ቢቀመጥ አይበቅልም። ውሃ ውስጥ ነክራ፥ ሸፍና፥ ሙቀት ባለበት ስታኖረው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ሥር ያወጣል። እንግዲህ ዘር ለመብቀል ሦስት ነገር ይሻል፤ እነርሱም ውሃና አየር ሙቀትም ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ይጠብቃል እንጂ አይነሣም።

በየካቲት የተዘራው የሣር ዘር ውሃም አየርም አለው፤ ሙቀት ግን የለውም። ስለዚህ ሕይወቱን በውስጡ ይዞ ይተኛል። በቅሎ የወጣ ለጋ ቡቃያ ውርጭ ቢያገኘው ሊሞት ይችላል፤ ያልበቀለ ዘር ግን ውርጩን ይታገሣል። የአፈሩ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲደርስ ዘሩ ይነቃል። ከዚያም በኋላ እንደየወገኑ ይበቅላል። ራይግራስ የሚባለው ሣር በሚስማማው ሙቀትና እርጥበት ከ5 እስከ 10 ቀን፥ ረጅሙ ፌስኩ ከ7 እስከ 14 ቀን፥ ኬንታኪ ብሉግራስ ግን ከ14 እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል። እንዲህም ስለ ሆነ ጎረቤቱ ቀድሞ ቢበቅል የዘገየው ሞተ ማለት አይደለም።

፮ የሥራው ሥርዓት

አስቀድሞ የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሣር ጥርስ ባለው መቧጠጫ ይጠረጋል። ዘር አፈርን ካልነካ አይጸድቅምና፥ በደረቅ ሣር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዘር ለወፍ ምግብ ከመሆን በቀር አይጠቅምም። እግር ያጠነከረው ቦታ ቢኖር መሬቱ በረዶ ሳይሆን አስቀድሞ በመቈፈሪያ ሹካ ይበሳል።

ቀጥሎ ዘሩ ይመዘናል። ለሳሳ ሣር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለሆነ ቦታ ከረጅሙ ፌስኩ ከ15 እስከ 20 ግራም፥ ከኬንታኪ ብሉግራስ ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል። ልዩነቱ ስለ ፍሬው መጠን ነው፤ የኬንታኪ ብሉግራስ ዘር እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በ1 ግራም ውስጥ ከ2,000 የሚበልጥ ፍሬ ይገኛል። ፈጽሞ ለተራቈተው ቦታ ጥቂት ይጨመራል፤ ወፍ የሚለቅመውና ውሃ የሚወስደው አይታጣምና። ነገር ግን ከልክ በላይ የዘራ ሰው አይጠቀምም፤ የተጨናነቀ ቡቃያ እርስ በርሱ ውሃና ብርሃን ይሻማል።

ሦስተኛ፥ መዝሪያው ሰዓት ማለዳ ነው፤ መሬቱ ጠንክሮ ሳለ የሰው እግር አያበላሸውም። ቀን ጭቃ በሆነ ጊዜ ቢገቡበት ግን እንደ ገና ይረገጣል። ዘሪው ዘሩን በሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሄደ፥ ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄደ ይበትናል። እንዲህ ሲያደርግ በመጀመሪያ የዘለለውን በሁለተኛው ያገኘዋል። ስስ በረዶ ቢኖር አይከፋም፤ ዘሩ በነጩ ላይ ስለሚታይ የተዘራውና ያልተዘራው ይለያል። በረዶው ወፍራም በሆነ ጊዜ ወይም መሬቱ ዳገት በሆነ ጊዜ ግን አይዘራም፤ በረዶው ሲቀልጥ ጎርፍ ሆኖ ዘሩን ይጠርገዋልና።

አራተኛ፥ አረም እንዳይበቅል የሚከለክለው መድኃኒት በዚያ ወራት አይጨመርም። ብዙው እንዲህ ያለ መድኃኒት አረምንና ሣርን አይለይም፤ የሚበቅለውን ዘር ሁሉ ይከለክላል።

አምስተኛ፥ ቡቃያው ከወጣ በኋላ ሰማይ ዝናብ ቢነፍግ መሬቱ እንዳይደርቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ውሃ ይጠጣል። ቁመቱ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ይታጨዳል፤ ያን ጊዜም ከቁመቱ ከሦስት አንዱን እጅ ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይቈረጥም።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚከብደው ሥራ ይመጣል፤ እርሱም ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከብድ በሚቀጥለው ምሳሌ እንመልከት።

፯ ሽማግሌውና የልጅ ልጁ

አንድ ሽማግሌ በአገራችን በመረሬ ምድር ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነበረ። ባረጀ ጊዜ ልጁ ወደምትኖርበት ወደ ኦሃዮ ሄዶ በቤቷ ተቀመጠ። በቤቱም ፊት የነበረውን ሣር የልጅ ልጁና ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱበት አራቈቱት። ዝናብ በዘነበ ቍጥር ጭቃው ወደ ደጃፉ ይወርድ ነበር። ሽማግሌው ልጆቹን አልተቈጣም፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ሜዳ ሄደው እንዲጫወቱ ለመናቸው፥ በክረምቱም መጨረሻ የዘር ከረጢት ይዞ ማለዳ ወጣ። ስስ በረዶ መሬቱን ሸፍኖት ነበር።

የአገሩ ሰው የሆነ ጎረቤት በዚያ ሲያልፍ አይቶ፥ «አባቴ፥ በዚህ ብርድ ምን ይሠራሉ? ሣሩ በደንብ እስኪለመልም ስንት ዓመት ይፈጃል! ልጆቹስ መልሰው ይረግጡት የለምን? ዕድሜዎን ቢያሳርፉ አይሻልዎትም?» አለው።

ሽማግሌውም ፈገግ ብሎ፥ «ልጄ፥ ‹እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል› ያለችው አህያ መሆኔ ነዋ! እኔ ስመጣ ሌላ ሰው የዘራው ሣር ተቀብሎኛል። እኔም የምረግጠውን ብቻ ሳይሆን ልጆች የሚረግጡትን ልዝራ» ብሎ መለሰለት።

ከዚያም ዘጠኝ ዓመት የሆነውን የልጅ ልጁን ጠርቶ ዙሪያውን በገመድ ካጠሩ በኋላ፥ «ይህን የምትጠብቀው አንተ ነህ። ሰውም ውሻም እንዳይገባበት አድርግ፤ አንተም አትግባ» አለው።

ልጁም፥ «አባባ፥ መቼ ይበቅላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ቀኑ በደረሰ ጊዜ» አለው ሽማግሌው።

አንድ ሳምንት አለፈ፥ ምንም አልታየም። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ በረዶ ወረደበት። በመጋቢት አጋማሽም መሬቱ እንደ ቀድሞው ቡናማ ነበር። ልጁ ሌላውን ሁሉ በታማኝነት ጠበቀ፤ የራሱን ልብ ግን ለመጠበቅ አልቻለም። «አባባ ተሳስተው ይሆናል፥ ዘሩ በብርድ ሞቷል» እያለ ያስብ ጀመር። ስለዚህ ማንም በማያየው ሰዓት በአንዱ ማዕዘን ገብቶ በእንጨት አፈሩን ፈለፈለ። ዘሩን አገኘው፤ እንደ ተዘራ ነበረ። መልሶ ቀበረው። በማግሥቱም ፈለፈለው፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ። በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ቀን ግን ከዘሩ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ወጥቶ አየ። ደስ ብሎት ለጓደኛው ሊያሳየው በእጁ ይዞ ሮጠ፤ ጓደኛው ዘንድ ሲደርስ ግን ሥሩ ደርቆ ነበር። ሌላ ሊያመጣ ተመልሶ በዚያ ማዕዘን ያለውን ሁሉ ገለበጠው።

ሚያዝያ ሲያልቅ መሬቱ እንደ ሕፃን ጠጕር የለሰለሰ አረንጓዴ ሣር ለበሰ። በአንዱ ማዕዘን ግን የመሶብ ክዳን የሚያህል ስፍራ ባዶውን ቀረ። ሽማግሌው አይቶ፥ «ልጄ፥ በዚህ ምን ደረሰበት?» አለው።

የልጁ ልብ መታ። የጎረቤት ውሻ ቈፈረው ቢል ማንም አይጠራጠረውም ነበር፤ ወፍ ለቀመው ቢልም ይታመን ነበር። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ፥ «አባባ፥ እኔ ነኝ። ሕያው መሆኑን ለማየት እየቈፈርሁ ገደልሁት» አለ።

ሽማግሌው እጁን ይዞ በአጠገቡ አስቀመጠው፤ እንዲህም አለው፤ «እውነቱን ስለ ተናገርህ ሣሩ ከሚሰጠኝ ደስታ የሚበልጥ ደስታ ሰጠኸኝ። ነገር ግን ስማ። አንተ ምንም የለም ባልህበት ቀን ሁሉ ሥራው ይሠራ ነበር፤ አንተ ግን ሥራውን ልታይ ብለህ አቋረጥኸው።» ከዚያም በከረጢቱ የቀረውን አንድ እፍኝ ዘር ሰጠውና፥ «ይህን በባዶው ስፍራ ዝራ። ውርጩ ግን አልፏል፤ ለሌላው መሬት በነጻ ያረሰለትን አሁን በጣትህ ታርሳለህ፥ ውሃውንም በየማለዳው አንተ ታጠጣለህ» አለው።

ልጁም አፈሩን በጣቱ አለሰለሰ፥ ዘሩን ዘርቶ በስሱ ከደነው፥ ጥዋት ጥዋትም እየተነሣ አጠጣው። አንድም ቀን አልቈፈረውም። ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ባዶው ስፍራ አረንጓዴ ሆነ።

በሚቀጥለው የካቲት ሽማግሌው ጉልበቱን ታሞ ከቤት መውጣት አልቻለም። አንድ ማለዳ በመስኮት ቢመለከት ልጁ ማንም ሳያዘው ቅጠሉን ጠርጎ፥ የሳሳውን ስፍራ ፈልጎ፥ በስሱ በረዶ ላይ ዘር ይበትን ነበር። ሲጨርስም ገመዱን አሰረ፥ ወደ ኋላውም ሳያይ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ።

፰ ምክር

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ነገር ምን እንማራለን?

የምትማሩት ትምህርት በየካቲት እንደ ተዘራ ዘር ነው። ዛሬ ፊደል የምትቈጥሩ ልጆች ከአንድ ወር በኋላ መጽሐፍ ሁሉ ካላነበብን ብላችሁ ብታዝኑ፥ ዘሩን ቈፍሮ ያየውን ልጅ ትመስላላችሁ። ፊደሉ በልባችሁ ውስጥ ሥር ይሰድዳል፤ ቀኑ ሲደርስ ይታያል። የሚያስቸግራችሁንም የብርድ ወራት አትጥሉት፤ መሬቱን የሚከፍትና ዘሩን የሚያስገባ ራሱ ውርጩ ነውና።

ነገር ግን መታገሥ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌው ከመታገሡ በፊት ጠረገ፥ መዘነ፥ ዘራ፥ አጠረ። ሥራውን ሳይሠራ የሚጠብቅ ሰው ታጋሽ አይባልም፤ ሰነፍ ይባላል። ሥራውን ሠርቶ የሚቀረውን ለእግዚአብሔር የሚተው ግን ታጋሽ ነው። ጌታችን በወንጌል ስለ ዘሪው በተናገረው ምሳሌ መልካሙ መሬት በብዙ እጥፍ እንዳፈራ እናስታውስ።

ያጠፋችሁም እንደ ሆነ እውነቱን ተናገሩ። ባዶ የቀረ ስፍራ በሐሰት ቢሸፈን ባዶ ሆኖ ይኖራል፤ በእውነት ቢገለጥ ግን ዳግመኛ ሊዘራ ይችላል።